ቶካማክ ባይኖርም ሰማዩ አለ

የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። በዚያው ሰሞን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከቀጣዮቹ ትልልቅ ሥራዎች አንዱ የኑክሌር ኃይል እንደሚሆን ተናገሩ፤ ወሩ ሳይሞላ ደግሞ ሞስኮ ላይ ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈረመ። ከዚያ ወዲህ በየቴሌግራም መንደሩ ስለ ኑክሌር የማያወራ የለም። ችግሩ ብዙዎች የሚያወሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆኑን አለማስተዋላቸው ነው። ከሮሳቶም ጋር የተፈረመው ከባድ አቶም እየሰነጠቁ ኃይል ማግኘትን የሚመለከት ነው። ይህን ዓለም ሰባ ዓመት ሠርቶበታል። በየቪዲዮው «ሰው ሠራሽ ፀሐይ» እየተባለ የሚዞረው ግን ቀላል አቶሞችን የማዋሃድ ሥራ ነው። እሱ እስከ ዛሬ አንድም ቤት አላበራም።

ስለዚህኛው ሲነሳ ሁለት ዓይነት ድምፅ ይሰማል። አንደኛው «ቻይና ፀሐይ እየሠራች እኛ ግድብ ላይ ቀርተናል» የሚል ቁጭት ነው። ሌላው ደግሞ ከሕዝቡ ግማሽ ገደማው መብራት በማያገኝበት አገር ስለ ፕላዝማ ማውራት ቅንጦት ነው ባይ ነው። ሁለቱም የሳቱት ነገር አለ። ሳይንቲስቶቹ በማግኔት ይዘው ለማቆየት የሚታገሉት ፕላዝማ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ከከሚሴ ከተማ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ቢለካ መቶ ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ይገኛል፤ ከከሚሴ ደብረ ብርሃን ከሚያስኬደው መንገድ ያነሰ ርቀት ነው።

ነገሩን ከመሠረቱ ማየት ይሻላል። ጋዝ እጅግ ሲሞቅ አቶሞቹ ኤሌክትሮኖቻቸውን ይጥላሉ። ያኔ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍና ለማግኔት የሚታዘዝ ሌላ ነገር ይሆናል። ፕላዝማ የሚባለው ይህ ነው። የሃይድሮጅን ሁለቱ ከበድ ያሉ ወንድሞች፣ ዲዩተሪየምና ትሪቲየም፣ ተዋህደው ሂሊየም እንዲሆኑና ኃይል እንዲለቁ ፕላዝማው ወደ 150 ሚሊዮን ዲግሪ ሴልሺየስ መሞቅ አለበት። የፀሐይ እምብርት ራሱ 15 ሚሊዮን ገደማ ነው። ፀሐይ ፕላዝማዋን በራሷ ስበት ጨምቃ ትይዘዋለች፤ ሰው ያን ያህል ክብደት ከየት ያመጣል? ዕቃ ውስጥ እንዳይጨምረው፣ ከብረቶች ሁሉ ለመቅለጥ አስቸጋሪ የሆነው ተንግስተን እንኳ በ3,422 ዲግሪ ይቀልጣል። ደግሞም ፕላዝማው ግድግዳ ከነካ ወዲያው ይቀዘቅዛል፤ ሥራው ሁሉ እዚያው ያበቃል።

የቀረው ማግኔት ነው። የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ቅንጣት በማግኔት መስመር ዙሪያ እየተሽከረከረ ይጓዛል። ክር ላይ እንደተሰካ ዶቃ ነው፤ ክሩን ተከትሎ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል እንጂ ወደ ጎን መውጣት ይከብደዋል። ክሩ ጫፍ ካለው ግን ዶቃው በጫፉ በኩል ይፈሳል። ስለዚህ ሁለቱ ጫፎች ይገጠሙና ቀለበት ይሠራሉ። እንስራ የሚቀመጥበትን ማቶት ያሰበ ሰው ቅርጹን አገኘው።

ማቶቱ ብቻውን ግን አይበቃም፤ የዚህ ሳይንስ ዋና ፈተናም እዚህ ላይ ነው። የቀለበቱ ማግኔት በውስጠኛው ጎን ይበረታል፣ በውጭኛው ይላላል። በዚህ የተነሳ ፖዘቲቭ የሆኑት ቅንጣቶች ወደ ላይ ከሄዱ ኤሌክትሮኖቹ ወደ ታች ቀስ እያሉ ይንሸራተታሉ። አንዱ ከላይ ሌላው ከታች ሲከማች በመካከላቸው የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጠራል። የኤሌክትሪክ መስክና የማግኔት መስክ ሲገናኙ ደግሞ ፕላዝማው የአንዱንም የሌላውንም አቅጣጫ አይከተልም፤ ለሁለቱም ቀጥ ብሎ በቆመ ሦስተኛ አቅጣጫ ይገፋል። በቀለበቱ ውስጥ ያ ሦስተኛ አቅጣጫ ወደ ውጭ ነው። ፕላዝማው ዓይን ሳይጨፈን ግድግዳውን ይመታል። ሶቪየቶች ያገኙት መላ በራሱ በፕላዝማው ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ለቅቆ የማግኔት መስመሮቹን እንደ ገመድ ማጠማዘዝ ነበር። መስመሩ ሲጠማዘዝ ከላይ የነበረው ወደ ታች፣ ከታች የነበረው ወደ ላይ ይዞራል፤ ክምችቱም ይፈታል። ማሽኑ ቶካማክ ተባለ። ይህን «ሦስተኛ አቅጣጫ» አንባቢ ይያዘው፤ ከሚሴ ላይ ተመልሶ ይመጣል።

የሐሳቡ አጀማመር ራሱ ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ1950 በሩቅ ምሥራቋ የሳካሊን ደሴት ኦሌግ ላቭረንትየቭ የሚባል ሳጅን ያገለግል ነበር። አሥረኛ ክፍልን በማታ ትምህርት የጨረሰው በዚያው ዓመት ነው። አቶሞችን አዋህዶ ኃይል ስለማግኘትና ትኩሱን ቁስ በኤሌክትሪክ መስክ አግዶ ስለመያዝ አስቦ ወደ ሞስኮ ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው እንዲገመግመው ለአንድሬ ሳካሮቭ ተሰጠ። ሳካሮቭ በኤሌክትሪክ የማገዱ መንገድ እንደማያዋጣ ቢያይም ነገሩ አሳሰበው፤ ከኢጎር ታም ጋር ሆኖ በማግኔት ወደ መያዝ ሐሳብ ተሻገረ። ወታደሩም ሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ በኋላም ካርኪቭ ላይ ዕድሜውን በፊዚክስ ምርምር አሳለፈ። ከደሴት የተላከ ደብዳቤ አንባቢ ማግኘቱ ነው የነገሩ ቁም ነገር።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ በአጭሩ ይህን ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1968 ሶቪየቶች በቶካማካቸው አሥር ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ መድረሳቸውን ሲናገሩ ምዕራባውያኑ አላመኑም። በቀዝቃዛው ጦርነት መሐል፣ በ1969፣ የእንግሊዝ ሳይንቲስቶች የራሳቸውን ሌዘር ጭነው ሞስኮ ሄዱና ለኩ፤ እውነት ሆኖ ተገኘ። እንግሊዝ አገር የነበረው ጄት የተባለው ማሽን በ2023 መጨረሻ ከመዘጋቱ በፊት በአንድ ሙከራ 69 ሜጋ ጁል ኃይል አወጣ። ያቃጠለው ነዳጅ 0.2 ሚሊ ግራም ነው። 69 ሜጋ ጁል ባለ መቶ ዋት አምፑል ስምንት ቀን ያበራል፤ ማሽኑን ለማሞቅ የወጣው ግን ከዚያ ይበልጥ ነበር። የፈረንሳዩ ዌስት በየካቲት 2025 ፕላዝማውን 1,337 ሰከንድ አቆየ፣ ሃያ ሁለት ደቂቃ መሆኑ ነው። ሰባት ወገኖች በጋራ ፈረንሳይ ውስጥ የሚገነቡት ኢተር ደግሞ በ2024 በተከለሰው መርሐ ግብር መሠረት ምርምር የሚጀምረው በ2034 ነው፤ ዋናውን ነዳጅ የሚያስገባው በ2039። የታሰበው ሁሉ ቢሳካ 500 ሜጋ ዋት ሙቀት ያወጣል፤ እሱም ወደ ኤሌክትሪክ አይቀየርም። የሕዳሴ ግድብ የማመንጨት አቅም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ግድቡን በሰው ሠራሽ ፀሐይ ፊት ለማሳፈር የሚሞክር ሰው እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ቢያስቀምጥ ይበቃዋል።

«ታዲያ አንድ ትንሽ ቶካማክ ቢገዛስ?» የሚሉም አልጠፉም። አፍሪካ ይህን ሞክራዋለች። ደቡብ አፍሪካ በ1980ዎቹ ፔሊንዳባ ላይ ቶኮሎሼ የሚባል ቶካማክ ነበራት (ቶኮሎሼ በአገሬው ተረት ተንኮለኛ መንፈስ ነው፤ ፕላዝማን ለሚያውቅ ስሙ አይከብድም)። ሊቢያ ታጁራ ላይ ከሶቪየት፣ ግብፅ ኢንሻስ ላይ ከጀርመን የመጣ ነበራቸው። አንዳቸውም በዚህ ምክንያት የዓለም የፕላዝማ ሳይንስ መናኸሪያ አልሆኑም። ማሽን ተገዝቶ ይመጣል። በዙሪያው የሚቆም፣ ሲበላሽ የሚጠግን፣ ውጤቱን አንብቦ አዲስ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ግን አብሮ በኮንቴይነር አይጫንም።

አሁን ወደ ከሚሴ። ምድር ራሷ ማግኔት ናት። የማግኔት መስመሮቿ በዋልታዎቹ አካባቢ ወደ መሬት ቀጥ ብለው ይገባሉ፤ በመካከል ላይ ግን ከመሬት ጋር ትይዩ ሆነው ይጋደማሉ። የሚጋደሙበት መስመር የማግኔት ወገብ ይባላል፤ በካርታ ላይ ከሚሰመረው የምድር ወገብ ጋር አንድ አይደለም። በአፍሪካ ቀንድ ወደ ሰሜን ከፍ ብሎ ኢትዮጵያን ያቋርጣል፣ ከአዲስ አበባም ብዙ አይርቅም። ከሚሴ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ሁለት ዲግሪ እንኳ አትሞላም። ስለዚህ ከሚሴ፣ ባቲ፣ ሰንበቴና የጨፋ ረግረግ በሙሉ የሚገኙት በዓለም ላይ ቀጭን ቀበቶ ሆኖ ከሚያልፈው የሰማይ የኤሌክትሪክ ጅረት ሥር ነው። ጅረቱ ከመሬት በላይ በ105 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ በቀን ብርሃን ወደ ምሥራቅ ይፈሳል። ባቲ የሰኞ ገበያ ሲሟሟቅ፣ ወደ እኩለ ቀን ገደማ፣ እሱም ይበረታል። መሬት ላይ ያለ ጥሩ የማግኔት መለኪያ ይሰማዋል።

ከጅረቱ ከፍ ብሎ ደግሞ ያ ሦስተኛ አቅጣጫ ይመጣል። በቀን የኤሌክትሪክ መስኩ ወደ ምሥራቅ፣ የማግኔት መስኩ ወደ ሰሜን ይጠቁማል። ለሁለቱም ቀጥ ያለው አቅጣጫ ወደ ላይ ነው። ፕላዝማው ይነሳል። በቶካማኩ ቀለበት ውስጥ ወደ ግድግዳ የሚወረውረው ግፊት እዚህ ወደ ሰማይ ያነሳዋል፤ ሕጉ ያው አንድ ነው። ከወጣ በኋላ የማግኔት መስመሮቹን እንደ ዶቃው ተከትሎ ወደ ሁለት ይከፈላል፣ ግማሹ ወደ ደቡብ ግብፅ ሰማይ፣ ግማሹ ወደ ታንዛኒያ አቅጣጫ ወርዶ ይከማቻል። ከኢትዮጵያ ወደ ግብፅ የሚሄደው ውሃ ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ በዚህኛው ላይ እስካሁን የሚደራደር አልተገኘም።

ፀሐይ ስትጠልቅ ነገሩ ይረበሻል። የታችኛው ፕላዝማ ይሳሳል፣ ወፍራሙ ከላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከውሃ ሥር ዘይት እንደማስገባት ነው፤ ስሱ እንደ አረፋ እየተነፋ ሽቅብ ይወጣል። እነዚህ የፕላዝማ አረፋዎች በመቶ ኪሎ ሜትሮች ይዘረጋሉ። የጂፒኤስ ምልክት ያወዛውዛሉ፣ የሳተላይትና የረጅም ርቀት ሬዲዮ ግንኙነት ያውካሉ። ከቶካማክ ጠርዝ ፕላዝማ እየተቆነጠረ የሚያመልጥበት መንገድ ከዚህ ጋር የሥጋ ዝምድና አለው። ባለሙያዎቹ በአፍሪካ ሰማይ ላይ አረፋው ከሌላው ዓለም ይልቅ እንደሚበዛ ያውቃሉ። መለኪያ ከሁሉ ያነሰውም እዚሁ አፍሪካ ነው።

ይህ ዕድል ሳይታወቅ የቀረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1957 እና 1958 ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲታወጅ፣ አዲስ አበባ ለማግኔት ወገብ ቅርብ በመሆኗ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ። መሥራቹ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን አባ ፒየር ጉዌን ነበሩ። ብዙ ሳይቆይ፣ በ1961፣ ከከሚሴ በስተ ደቡብ በካራ ቆሬ አካባቢ ምድር ተናወጠች። ማጀቴ ፈረሰች፣ የደሴ መንገድ ተሰነጣጠቀ። የዚያን ነውጥ ታሪክ መዝግበው ለትውልድ ያቆዩት እኚሁ ካህንና ተቋማቸው ናቸው፤ በ1979 ያሳተሙት የኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ዛሬም የሚጠቀስ መጽሐፍ ነው። ሰማዩን ለመስማት የተቋቋመ ቤት የመሬቱን ጩኸት ሰማ። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌና ከዶፈን ወዲህ ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ድረስ የደነገጠ ሁሉ እንዲህ ዓይነት ቤት ለምን እንደሚያስፈልግ ሌላ ማስረጃ አይሻም።

ፔሩም የማግኔት ወገብ የሚያልፍባት አገር ናት። እሷ ግን ከሊማ አጠገብ ሂካማርካ በሚባል በረሃማ ሸለቆ ውስጥ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከአሜሪካኖች ጋር የተተከለውን ግዙፍ ራዳር እስከ ዛሬ ይዛዋለች። ከ18 ሺህ በላይ አንቴናዎች አሉት። የሚያስተዳድረው የፔሩ የጂኦፊዚክስ ተቋም ነው። ፔሩ ሀብታም አገር ስለሆነች አይደለም፤ ከራሷ ላይ ያለፈውን መስመር አውቃ ሙጭጭ ስላለችበት ነው። የምድርን ወገብ ፕላዝማ የሚያጠና ሰው ከየትም ይምጣ ሂካማርካን ሳይጠቅስ አያልፍም። ኢትዮጵያ የአፍሪካ ሂካማርካ የማትሆንበት የተፈጥሮ ምክንያት የለም።

ጅምሩም አለ። ኢትዮጵያዊው የሕዋ ፊዚክስ ሊቅ እንዳወቀ ይዘንጋው የመሩት አምበር የተባለ የማግኔት መለኪያዎች መረብ አንዱን መሣሪያ የተከለው አዲግራት ላይ ነው። የአዲግራቱ ከጅረቱ ቀበቶ ወጣ ይላል፣ የአዲስ አበባው ከሥሩ ነው፤ ሁለቱ ሲነጻጸሩ ፕላዝማው በምን ፍጥነት ሽቅብ እንደሚነሳ ይሰላል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ዋሸራ የሚል የሕዋና የራዳር ሳይንስ ቤተ ሙከራ አለው፣ ስሙን ከጥንቱ የቅኔ ቤት የወረሰ። ካርታ ዘርግቶ ያየ ሰው ግን አንድ ነገር ያስተውላል። ከአዲስ አበባ እስከ አዲግራት ያለው መሬት ረጅም ነው። ከሚሴ እዚያ መሐል ላይ ናት።

እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። በዚህ መስመር ላይ ጦርነት ወጥቶ ወርዶበታል፤ አዲግራት፣ ወልዲያ፣ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ ሁሉም አይተውታል። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ነበር፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። መለኪያ መሣሪያ መብራትና መስመር ይፈልጋል፣ ጠባቂም ይፈልጋል። የቦርከናን ጎርፍ ወይም የውሃ እጥረትን የሚያነሳ የከሚሴ ሰው «መጀመሪያ ይህን» ቢል ማንም ሊቆጣው አይገባም። ይሁንና የውሃውና የመንገዱ ገንዘብ የሚታጣው አንድ ጂፒኤስ መቀበያ ጣሪያ ላይ ስለተሰቀለ አይደለም። ያ መቀበያ ከሳተላይት የሚመጣው ምልክት በፕላዝማው ውስጥ ስንት እንደዘገየ በመመዝገብ የሰማዩን ውፍረት ይለካል፤ የተተከለበት መሬት በዓመት ስንት ሚሊ ሜትር እንደተንፏቀቀም ይናገራል። የአፋር ስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ለተቀመጠ፣ ካራ ቆሬን ለሚያስታውስ አካባቢ ሁለተኛው ብቻ ዋጋውን ይከፍላል።

ለዚህ የሚሆን ቦታ አለ፤ የከሚሴ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ጣሪያ አለው፣ የፊዚክስ መምህራንም ያሠለጥናል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ባሕር ዳርም መሣሪያውን የሚያውቁ ሰዎች አሏቸው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ፣ ቅርብ ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን ልጆቹ ናቸው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ወደ 8.4 ከፍ ቢል እንደ ትልቅ ለውጥ ተነገረ። የኑክሌር ማመንጫ እተክላለሁ የሚል አገር ማመንጫውን የሚያንቀሳቅሱትን ሰዎች ከእነዚህ ልጆች መሐል ነው የሚያገኘው፤ ከሌላ ቦታ አያገኛቸውም። በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ልጆች አንደኛ ደረጃን በአፋን ኦሮሞ ይማራሉ፣ ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ይሆናል። ፕላዝማ በመጽሐፉ ውስጥ «አራተኛው የቁስ አካል ሁኔታ» ተብሎ በአንድ መስመር ይታለፋል፣ ምሳሌውም መብረቅና ፀሐይ ነው። «ከጣሪያህ በላይ፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ» የሚል ምሳሌ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ቢጻፍ የሚያስወጣው ገንዘብ የለም።

ቶካማክ መንካት ለሚፈልግም መንገድ አለ። ፕራግ የሚገኘው የቼክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ጎለም የሚባል አሮጌ ቶካማክ አለው። በ1960ዎቹ ሞስኮ የተሠራ ነው፣ ዛሬ የተማሪ ማሠልጠኛ ሆኗል። ተማሪዎች ከሌላ አገር ሆነው በኢንተርኔት የማግኔቱንና የኤሌክትሪኩን መጠን መርጠው ሙከራ ያዛሉ። ማሽኑ ለሺህኛ ሰከንዶች ፕላዝማ ይፈጥራል፣ ውጤቱ በመስመር ይላካል። ለዚህ የሚያስፈልገው ከመምህሩ ፕራግ ድረስ የሚላክ አንድ ጥያቄ፣ አንድ ኮምፒውተርና ለአንድ ከሰዓት የማይቋረጥ ኢንተርኔት ነው። ከሦስቱ አስቸጋሪው የትኛው እንደሆነ ከሚሴ ላይ ያለ መምህር ሳይጠየቅ ይናገራል።